በደጅህ ያለው እንስሳና በመንገድ ያለው ባልንጀራህ
ለክርስቲያን ኑሮ የሚሆን ጥያቄና መልስ

አንባቢ ሆይ፤ ሃይማኖት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የሚፈተን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ክርስቲያን የሚታወቀው በጸሎቱ ሰዓት ብቻ አይደለም። አህያውን ሲጭን፥ ውሻውን ከሰንሰለት ሲፈታ፥ የጎረቤቱን ከብት በአዝመራው ውስጥ ሲያገኝ፥ በእነዚህ ትንንሽ በሚመስሉ ነገሮች ልቡ ይገለጣል። እንስሳ አይከስምና፥ አይመሰክርምና፥ ሰው በእንስሳ ፊት አይጠነቀቅም፤ ስለዚህ እውነተኛው ጠባዩ የሚታየው በዚያ ነው።

በእብናትና በደብረ ታቦር፥ በዙሪያቸውም ባለው ደጋ የሚኖር ሰው ከእንስሳ ተለይቶ አይኖርም። በከተማ ያለ ሰው እንኳ ውሻ ለጥበቃ፥ ድመት ለአይጥ፥ ዶሮ ለበዓል ያኖራል። ቤቶች እየተቀራረቡ፥ መንገዱም ሰው እየበዛበት ስለ ሄደ፥ የአንዱ እንስሳ የሌላው ጉዳይ ሆኗል። እንግዲህ ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁት ጥቂቱን መርጠን፥ ቅዱሳት መጻሕፍት እንደሚያስተምሩንና የዛሬ ዘመን እውቀት እንደሚያስረዳን መልስ እንሰጥበታለን። አንተም እያነበብህ ራስህን መርምር።

አንደኛ ጥያቄ። ውሻ ርኩስ ነው ይባላል፤ ክርስቲያን ውሻን ቢወድና ቢንከባከብ ነውር ይሆንበታልን?

መልስ። አይሆንበትም። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ መከልከሉ ለቦታው ክብር ነው፤ ይህን ሥርዓት መጠበቅ ይገባል። ነገር ግን ከቅጥር ማስወጣት አንድ ነገር ነው፤ በድንጋይ እየቀጠቀጡ ማሳደድ ሌላ ነገር ነው። ሁሉ የሚያባርረውን ምስኪን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ውሻ» እንለዋለን። ይህን ስንል በውሻው ላይ የምናደርገው ጭካኔ መሆኑን በራሳችን አፍ እንመሰክራለን።

መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው፥ ልጁ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት እንደ ሄደ ያስታውሳል። አብሮት የሚሄደው መልአኩ ሩፋኤል ነበር፤ መልአኩም ውሻውን አላባረረውም። በወንጌልም ባለጠጋው አልዓዛርን በደጁ አይቶ ሲያልፈው፥ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ነበሩ። በዚያ ደጅ ርኩሱ ማን ነበር? ውሾቹ ነበሩን፥ ወይስ ባለጠጋው? ለነቢዩ ዮናስም እግዚአብሔር ነነዌን የማራበትን ምክንያት ሲነግረው፥ ከሕፃናቱ ጋር እንስሳቱን ደግሞ ቈጥሮለታል።

ፍቅር ግን ሥርዓት አለው። ውሻ እንደ ውሻ ይወደድ ዘንድ ይገባል፤ ምግቡን፥ ውኃውን፥ መጠለያውን፥ ሕክምናውን ማግኘት አለበት። ለታይታ ብሎ አውሬ የመሰለ ውሻ የሚያኖር ሰው ግን ውሻውን አይወድም፤ በውሻው ውስጥ ራሱን ይወዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ አንበሶችን አልምደው ያኖሩ ነበር፤ ያ የንጉሥ ግርማ ነበረ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ተሥለው ይታያሉ። በንጉሡ ዘንድ አንበሳው ሰውን ያስፈራል፤ በጻድቁ ዘንድ ግን አንበሳው ከሰው ጋር ሰላም ሆኗል። አንተ በደጅህ የምታኖረው የትኛውን እንዲመስል ትወዳለህ?

ሁለተኛ ጥያቄ። ሰው በሚራብበት አገር ውሻን መመገብ ኃጢአት አይደለምን?

መልስ። ይህ ጥያቄ በእብናት ሰው አፍ ሲሆን ከባድ ነው። በ1977 ዓ.ም. በታላቁ ረሃብ ጊዜ እህል ፍለጋ የመጡ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በእብናት መጠለያ ሰፍረው ነበር። በሚያዝያ ወር ጎጆዎቹ ተቃጥለው ሕዝቡ በግድ ተበተነ። ያን ዘመን ያየ ሽማግሌ፥ ለውሻ እንጀራ ሲጣል ባየ ጊዜ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

መልሱ ግን ይህ ነው። ጌታችን ስለ ድንቢጦች በተናገረበት ስፍራ ሁለት ነገር አስተምሮናል፤ ሰው ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጥ፥ ደግሞም ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንዳልተረሳች። ፊተኛውን ይዞ ኋለኛውን የሚጥል፥ ኋለኛውንም ይዞ ፊተኛውን የሚጥል፥ ሁለቱም ትምህርቱን ቈርሰውታል። እንጀራው ለልጆች፥ ፍርፋሪው ለውሾች መሆኑን ከነናዊቱ ሴት ራስዋ አምናለች፤ ፍርፋሪውን ግን ማንም አልከለከለም።

ስለዚህ ድሃው በደጁ ቆሞ ሳለ ለውሻው ሥጋ የሚገዛ ሰው የአልዓዛርን ባለጠጋ መስሎአል። ለድሃ አዝናለሁ ብሎ ውሻውን የሚያስርብ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጠየቅ፤ ለውሻው የከለከልኸውን ለድሃው ሰጠኸውን? ካልሰጠኸው የድሃውን ስም ለንፉግነትህ መሸፈኛ አደረግኸው። መመገብ የማይችል ሰው ግን ውሻ ባያኖር ይሻለዋል። የተራበ ውሻ ወደ መንገድ ይወጣል፤ በቄራ አጠገብ ከሌሎች ጋር ይሰበሰባል፤ ማታም በሰው ላይ ይነሣል። የአንዱ ንፉግነት እንደዚህ ሆኖ ለከተማው ሁሉ መከራ ይሆናል።

ሦስተኛ ጥያቄ። ድመቴ፥ ውሻዬም ብዙ ወለዱብኝ፤ ግልገሎቹን ወስጄ ብጥላቸው ምን ይሆናል?

መልስ። ሰው በጆንያ አስሮ ወደ ወንዝ ሲጥል፥ ወይም ሌሊት በሌላ ሰፈር ሲያራግፍ፥ ማንም አላየኝም ይላል። የጣለው ግን ሸክሙን ወደ ባልንጀራው ቤት ነው። የሞቱት ውኃውን ያበላሻሉ፤ በሕይወት የተረፉትም ባለቤት የሌላቸው የመንገድ ውሾች ይሆናሉ። አስቀድመህ የሚፈልግ ሰው ጠይቅ፤ ጡት እስኪተዉ ድረስ አቆያቸው፤ መቀነስ የማይቀር ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያለ ሥቃይ የሚያደርግበትን መንገድ ጠይቅ። በመንገድ ላይ መርዝ መጣል ግን አይገባም። መርዝ የተጣለበትን ሥጋ የሚያነሣው ውሻ ብቻ አይደለም፤ ጥንብ አንሣው ይበላዋል፥ ሕፃንም ሊነካው ይችላል።

በትምህርት ቤት አዳሪ የሆናችሁ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ስሙ። ድመት ታለምዳላችሁ፥ ከምሳችሁ ታጎርሷታላችሁ፤ የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ግን በሩን ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ። በእጃችሁ ያለመዳችኋት እንስሳ አደን ረስታለች፤ እናንተን አምናለች። ምሕረትን ጀምሮ በመንገድ መተው ካለመጀመር የከፋ ሊሆን ይችላል። ወይም አስቀድማችሁ አታልምዱ፤ ወይም ከመሄዳችሁ በፊት የሚያበላትን ሰው ፈልጉ። ለእንስሳ የገባውን አደራ የሚጠብቅ ወጣት፥ ነገ ሹመት ሲያገኝ የሕዝብን አደራ ለመጠበቅ ዛሬ ይለማመዳል።

አራተኛ ጥያቄ። ውሻዬ መንገደኛ ቢነክስ ዕዳው በማን ላይ ነው?

መልስ። በአንተ ላይ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን አንብብ። በሬው የመውጋት ልማድ እንዳለው ለጌታው ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል፥ ጌታው ራሱ በሞት ይጠየቅ ነበር። ሕጉ ታላቅ ቅጣት ያደረገው በማወቅ ላይ ነው፤ አውቀህ ካልጠበቅህ የእንስሳው ጥፋት የአንተ ጥፋት ይሆናል። የአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፥ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ እንስሳው ድንገት ቢያመልጠውም እንኳ ከኃላፊነት አያድነውም።

አንዳንድ ሰው «በሌሊት ለምን በደጄ ያልፋል?» ይላል። መንገዱ ግን የሁሉ ነው። ካህኑ ለኪዳን ሲሄድ፥ ሴቲቱ ውኃ ልትቀዳ ስትማልድ፥ ሕፃኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲገሠግሥ፥ በአንተ ውሻ ምክንያት በዱላና በፍርሃት ማለፍ ወይም ዙሪያ መሄድ ይገባቸዋልን? በቀን እሰረው፤ በሌሊት ስትፈታው አጥርህን አጥብቀህ በርህን ዝጋ። ሌሊቱን ሁሉ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ከሆነም ምን እንደ ጎደለው እይ፤ የታመመ ጎረቤት ያለ እንቅልፍ ሊያድር ይችላልና።

አምስተኛ ጥያቄ። ልጄን ውሻ ነከሰው፤ ወደ ጸበል ልውሰደው ወይስ ወደ ሐኪም?

መልስ። ወንድሜ ሆይ፤ በዚህ ጥያቄ የሰው ነፍስ አለችበትና ቀስ ብለህ አንብብ፤ ማንበብ ለማይችልም ጎረቤትህ አንብብለት።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በታመመው ውሻ ምራቅ ውስጥ ባለ፥ በዓይን በማይታይ ቫይረስ ነው። በቁስሉ ይገባል፤ በነርቭ እየተጓዘ ወደ አንጎል ይወጣል። ጉዞው ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል፤ ከ1 ሳምንት እስከ 1 ዓመት ሊለያይም ይችላል። ቁስሉ ወደ ራስ በቀረበ መጠን ጊዜው ያጥራል። የታመመው ሰው ውኃ መፍራትና መቃዠት ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ ከዚያ የተረፈ ሰው በዓለም ሁሉ እጅግ ጥቂት ነው። በየዓመቱ በዓለም ወደ 59,000 የሚሆን ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል፤ የሚበዙት በአፍሪካና በእስያ ናቸው፥ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው።

ስለ ሥርና ቅጠል መድኃኒት ብዙ ሰው «እገሌ ጠጥቶ ድኗል» ይላል። ነገሩን መርምር። የሚነክስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እብድ ውሻ የነከሰውም ሁሉ በሽታው አይይዘውም። ስለዚህ ሥር ጠጥተው የዳኑ የሚመስሉት መጀመሪያውኑ በሽታው ያልያዛቸው ናቸው። በሽታው የያዘው ሕፃን ግን በ2ኛው ወር በሞተ ጊዜ፥ ቁስሉ አስቀድሞ ስለ ዳነ ሰው ሞቱን ከንክሻው ጋር አያያይዘውም። በዚህ መንገድ ስሕተት ይኖራል፥ ልጅ ይሞታል።

እንግዲህ ይህን አድርግ። በመጀመሪያ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠበው፤ አመድ፥ ቅቤ፥ ቅጠል አታድርግበት። ሁለተኛ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰደው። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ነው፤ ቁስሉ ደኅና መሰለ ብለህ በመካከል አታቋርጥ። ሦስተኛ ውሻው ከተያዘ አትግደለው፤ አስረህ 10 ቀን ጠብቀው፥ ለእንስሳት ሐኪምም አሳየው። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፥ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ነገር ግን ይህን እጠብቃለሁ ብለህ የልጁን ሕክምና አታዘግይ።

ጸበሉስ? እግዚአብሔርን መለመን አትተው። ነገር ግን ጸሎት በሰዓት አይወሰንም፤ ክትባቱ ግን ሰዓት አለው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜ ጸሎቱ ተሰማ፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉበት አዘዘ። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. እብድ ውሻ ለነከሰው ለ9 ዓመት ልጅ ክትባቱን ሰጠው፤ ልጁም ዳነ። ይህ እውቀት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ አይደለምን? ስለዚህ አስቀድመህ ወደ ሐኪም ሂድ፤ በመንገድህም ጸልይ፤ ከተመለስህ በኋላም ጸበልህን ተጠመቅ። በጸበል ቦታ የምታገለግሉ አባቶች ሆይ፤ የተነከሰ ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ «ሐኪም አይቶሃልን?» ብላችሁ ጠይቁት። በዚህ አንድ ቃል ነፍስ ታድናላችሁ።

አሁን ደግሞ ለውሻው ባለቤት እንናገራለን። ውሻህ ጠባዩ ተለውጦ፥ ምራቁ እየተዝረበረበ፥ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ ቢሄድ፥ ብዙ ሰው የሚያደርገው መደበቅ ነው። ሌሊት ገድሎ ይቀብረዋል፤ ለሕክምና ክፈል እንዳይባል «የእኔ ውሻ አይደለም» ይላል። አንተ ዝም ስትል ግን የተነከሰው ልጅ እናት «ጤነኛ ውሻ ነው» ብላ ልጅዋን በቤት ታስቀምጠዋለች። በዚያን ጊዜ የሚገድለው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ዝምታህም አብሮ ይገድላል። ገንዘብህን አድነህ የሰው ደም በእጅህ ይዘህ ወደ ቅዳሴ መግባት ትችላለህን? ሂድና በሩን አንኳኳ፤ «ውሻዬ ታሞ ነበር፤ ልጁን ፈጥናችሁ አሳክሙ፤ ወጪውንም እኔ እችላለሁ» በል። ይህ ንስሐ ነው፤ ከዚህ በፊት ግን ጥንቃቄ ይሻላል። ውሻህ 3 ወር ሲሞላው አስከትበው፤ በየዓመቱም አስደግምለት። በአንድ ከተማ ካሉት ውሾች ከ10 ሰባቱ ቢከተቡ በሽታው በውሾች መካከል መተላለፉን እንደሚያቆም ሐኪሞች ያስተምራሉ። ስለዚህ ያንተ አንድ ውሻ መከተብ ለሰፈሩ ሁሉ አጥር ነው።

ስድስተኛ ጥያቄ። የአንድ ባለጠጋ ውሻ የድሃ ልጅ ሲነክስ አየሁ። ባለቤቱ «አላየሁም በል» ይለኛል፤ በቤቱም ብዙ ጊዜ በልቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ። ያየኸውን ተናገር። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 5 አይቶ ወይም አውቆ ሳለ ለምስክርነት ሲጠራ የማይናገር ሰው ኃጢአቱን እንደሚሸከም ተጽፏል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ለውሻ ይህ ተፈጥሮው ነው። ሰው ግን በበላበት ቤት ሁሉ የሚጮኽ ከሆነ አእምሮ ለምን ተሰጠው?

ነገር ግን ምስክርነትህ ሙሉ ይሁን። ልጁ ድንጋይ ወርውሮ እንደ ሆነ ይህንንም ተናገር፤ ለድሃው አዝነህ እውነቱን አታጉድል፥ ባለጠጋውንም ፈርተህ አትሸሽግ። ነገሩ በሽምግልና ቢያልቅ መልካም ነው፤ ሽማግሌዎች ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። በመጀመሪያ ልጁ ይታከም፤ ቀጥሎም የሕክምናው፥ የመንገዱ፥ አባቱ ሥራ የፈታበትም ቀን ዋጋ ይታሰብ፤ ከዚያ በኋላ ይቅር ይባባሉ። ልጁ ሳይታከም የሚደረግ ዕርቅ ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መሸፈን ነው። «ለእግዚአብሔር ብለህ ተው» የሚለውን ቃል ለድሃው ብቻ አትናገሩት፤ ባለጠጋውንም «ለእግዚአብሔር ብለህ ክፈል» በሉት።

ሰባተኛ ጥያቄ። አህያ ለጭነት የተፈጠረ ነው፤ ብዙ ብንጭነውና ብንመታው ምን በደል አለ?

መልስ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት በዓለም ፊተኛውን ስፍራ ከያዙት አገሮች አንዷ ናት፤ የብዙ ድሃ ቤት በአህያ ጀርባ ይኖራል። ጌታችንም በሆሳዕና ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ተቀምጦ ነው። አህያ ይጫን ዘንድ ይገባዋል፤ ግን በአቅሙ። የደብረ ታቦር ሰው በጋፋት የተሠራውን የሴባስቶፖልን መድፍ ታሪክ ያውቃል። ያ ከባድ ብረት መቅደላ የደረሰው የብዙ መቶ ሰው ጉልበት ስለ ተካፈለው ነው። ሸክም ሲከፋፈል ይሄዳል፤ በአንድ ጀርባ ላይ ሲከመር ግን ጀርባውን ይሰብራል። የጀርባው ቁስል ሳይጠግግ ዳግመኛ የሚጭን ሰው፥ ከአህያው ዕድሜ ዓመታት እየቈረጠ ለአንድ ቀን ገበያ ይሸጣል፤ ይህ ምሕረት ማጣት ብቻ ሳይሆን የጥበብም ማነስ ነው። ጭነቱን ቀንስ፤ ከኮርቻው በታች ለስላሳ ነገር አድርግ፤ ከዳገቱ በላይ አሳርፈህ ውኃ አጠጣው።

ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል ይባላል። በቤታችን ግን ተገላብጦ እናየዋለን፤ ሹሙን የፈራ ሰው፥ አበዳሪውን የፈራ ሰው፥ ቍጣውን በአህያው ላይ ይወጣል። በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ መታት፤ እርስዋ ግን መልአኩን አይታ ከሞት ልታድነው ፈቀቅ ማለቷ ነበር። አንተም በትርህን ስታነሣ የምትቈጣው በማን ላይ እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ።

ከሁሉ በኋላ ይህን ልብ አድርግ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ ትተኸው እንዳትሄድ፥ ከባለቤቱ ጋር ሆነህ እንድታነሣው ታዝዘሃል። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ በአንድ መንገድ ተገናኙ እንበል፤ ለዓመታት አልተነጋገሩም። የአንዱ አህያ ወደቀ። ጭነቱን ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ በወዲህ፥ አንዱ በወዲያ ይዘው «በል፥ አንሣ» መባባል አለባቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ይሆናል። የእግዚአብሔር ጥበብ ድንቅ ነው፤ ለአህያው በሰጠው ሕግ ሁለቱን ሰዎች ደግሞ አነሣቸው።

አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ ሦስት ነገር ተመልከት። የውሻህ ሰንሰለትና አጥርህ ደኅና ነውን? ከጭነት የተመለሰው እንስሳህ በልቶ ጠጥቶአልን? በአንተ እንስሳ ምክንያት የተጎዳ፥ አንተም ያልካስኸው ጎረቤት አለን? ያለ እንደ ሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ እርሱ ሂድ። ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግቡን በጊዜው የሚሰጥ አምላክ፥ በእጃችን የሰጠንን ፍጥረት በርኅራኄ፥ በአጠገባችን ያኖረውን ባልንጀራ በእውነት እንድንጠብቅ ልቡና ይስጠን። አሜን።